አንድ ጉዞ፣ ሁለት አንባቢ፦ የጉዞ ጽሑፍ ጥበብ ከአዱሊስ እስከ ቶኪዮ

የጉዞ ጽሑፍ ሁለት አንባቢ አለው። የመጀመሪያው ጸሐፊው አገር ቤት ትቶት የሄደው ወገኑ ነው፤ ያላየውን እንዲያሳየው ይጠብቃል። ሁለተኛው የተጻፈበት ሰው ነው፤ ቤቱን፣ ገበያውን፣ ማዕዱንና ጸሎቱን እንግዳ አይቶበት የሄደ ባለአገር። ለመጀመሪያው መጻፍ ይቀላል፤ ሄዶ ሊያመሳክር አይችልምና የተነገረውን ይቀበላል። ሁለተኛው ግን ውሎ አድሮ፣ አንዳንዴም ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ መጽሐፉን ያገኘዋል፤ ገልጦም አያቶቹን ይፈልግበታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለሁለት ሺህ ዓመት ግድም ሁለተኛው አንባቢ ሆነን ኖረናል። ስለ ምድራችን የግብጽ ነጋዴ፣ የፖርቱጋል ቄስ፣ የስኮትላንድ ባላባት ጽፈዋል። አብዛኞቹ አንድ ቀን እኛም እንደምናነበው አላሰቡም። የጉዞ ጽሑፍ በምን እንደሚጸና፣ በምንስ እንደሚላላ ለመለየት ሥራቸውን በተራ መመርመር፣ ቀጥሎም ብዕሩ ወደ እኛ እጅ ሲገባ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጋዴ ሲጽፍ

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስሙን ያልነገረን አንድ የግብጽ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች አጭር መጽሐፍ በግሪክኛ ጻፈ። መጽሐፉ ዛሬ “ፔሪፕለስ” በሚል ስም ይታወቃል። ጸሐፊው አዱሊስ ሲደርስ ስለ ባሕሩ ውበት ቃል አያባክንም። የሚነግረን የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ ነው፤ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ ብረት፣ ወይንና ዘይት ይገባል፤ የዝሆን ጥርስ፣ የባሕር ኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ይወጣል። ከአዱሊስ ሦስት ቀን ተሂዶ ቆሎኤ፣ ከዚያ አምስት ቀን ተሂዶ የአክሱማውያን ከተማ ይገኛል ይላል። ገዥው ዞስካሌስ ሀብቱን አጥብቆ የሚይዝ፣ ዘወትር ተጨማሪ የሚሻ፣ በሌላው ጠባዩ ግን ጨዋና የግሪክን ጽሕፈት የሚያውቅ መሆኑን በአጭሩ ነግሮ ያልፋል።

በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ የዚህ ጥበብ መሠረት ተጥሏል። ርቀቱ በሚለካ ነገር ተነግሯል፤ የአገራችን መንገደኛም ስንት ይርቃል ሲባል የሚመልሰው በቀን መንገድ ነው። ዕቃው በስሙ ተጠርቷል። ሰውየውም ምስጋናውና ነቀፋው ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ሰው ሆኖ ይታየናል። ሁሉን የሚያሞግስ ወይም ሁሉን የሚያንቋሽሽ ጸሐፊ ዞስካሌስን እንዲህ ሊያሳየን አይችልም ነበር።

ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ አዱሊስ ደረሰ። ጊዜው 520ዎቹ፣ ዐፄ ካሌብ ከቀይ ባሕር ማዶ ወዳለችው ሒምያር ለመዝመት የሚሰናዱበት ወቅት ነበር። የከተማዋ ገዥ በአንድ የእብነ በረድ ዙፋንና ከኋላው ባለው ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ግሪክኛ ገልብጦ እንዲያመጣለት አዘዘው። ኮስማስ ከአንድ ባልደረባው ጋር ገልብጦ አንዱን ቅጂ ለራሱ አስቀረ። ዙፋኑም ድንጋዩም ዛሬ የሉም፤ የቀረን የእርሱ ግልባጭ ብቻ ነው። ኮስማስ የገለበጠውን በትክክል አልተረዳውም ነበር። ሁለቱም ጽሑፎች የግብጹ ንጉሥ የበጥሊሞስ መስለውት ነበር፤ አንደኛው ግን የአክሱም ንጉሥ የድል መዝገብ ነው። ቃል በቃል ስለገለበጠ የኋላ ሊቃውንት የእርሱን ስሕተት በእርሱው ቅጂ ማረም ቻሉ። ትርጓሜው ቢስትም ምስክርነቱ ጸንቷል።

ኮስማስ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ አጥብቆ የሚሟገት ሰው ነበር። ስለ እንስሳት ሲጽፍ ግን ጥንቃቄው ለዛሬ ጋዜጠኛም ትምህርት ይሆናል። አውራሪስን በሕይወት ያየው ከሩቅ መሆኑን፣ በቅርብ ያየው ደግሞ በቤተ መንግሥት የተቀመጠውን የታጨቀ ቆዳ መሆኑን ይለያል። ባለ አንድ ቀንዱን ተረታዊ እንስሳ አላየሁትም፤ ያየሁት በኢትዮጵያው ንጉሥ ቤተ መንግሥት የቆሙትን አራት የነሐስ ምስሎቹን ነው ይላል። ጉማሬም አላየም፤ ጥርሱን ግን ይዞ ሸጧል። ያየውን፣ በከፊል ያየውንና ከሌላ ያገኘውን እንዲህ በየፈርጁ ማስቀመጥ የጉዞ ጸሐፊ የመጀመሪያ ግዴታው ነው። ሄሮዶቱስም ከእርሱ በፊት በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያየውን፣ የሰማውንና በራሱ ፍርድ የደረሰበትን ለመለየት ይጥር ነበር።

ተናጋሪው ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ

በመካከለኛው ዘመን ስማቸው እጅግ ከገነነው ተጓዦች ሁለቱ መጽሐፋቸውን በገዛ እጃቸው አልጻፉም። ማርኮ ፖሎ በ1298 በጄኖቫ እስር ቤት ሳለ ለፒሳው ለሩስቲኬሎ ተረከ፤ ሩስቲኬሎም የጀግና ተረት ደራሲ ነበርና የለመደውን ቃና ጨመረበት። ኢብን ባጡጣ በ1325 ከታንጀር ተነሥቶ ዓለምን ከዞረ በኋላ በሞሮኮው ሱልጣን ትእዛዝ ለኢብን ጁዘይ አስጻፈ፤ ሥራው በ1355 ተፈጸመ። ኢብን ጁዘይ ቋንቋውን አሳመረ፣ ግጥም ሰካበት። ደማስቆንና መካን በመሳሰሉት ቦታዎች ላይ ደግሞ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ከተጓዘው ከኢብን ጁበይር መጽሐፍ ብዙ ወሰደ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ዛሬ አንባቢ እነዚያን ገጾች የሚያልፋቸው በጥርጣሬ ነው።

የማይጠረጠሩት የኢብን ባጡጣ የራሱ የስሜት ሕዋሳት ያሉባቸው ቦታዎች ናቸው። ዘይላ ሲደርስ ከተማዋ የዓሣና በየመንገዱ የሚታረድ የግመል ደም ሽታ ስለነበራት ባሕሩ እየተናወጠ እንኳ መርከብ ላይ ማደርን መረጠ። ሽታ ከማንም መጽሐፍ አይቀዳም፤ የዚያን ሰው አፍንጫ ይጠይቃል። ስለዚህ ገለጻው ሕያው ነው። ነገር ግን ሁለተኛው አንባቢ፣ የዘይላ ሰው፣ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ በከተማዋ ያላደረ ሰው ስለ ከተማዋ የሚናገረው ምን ያህሉ ሊታመን ይገባል? አጭር ቆይታ ስለታም ስሜት ይሰጣል፤ ፍርድ ለመስጠት ግን አቅም አያበድርም።

ቄሱ በላሊበላ

ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ ወርዶ እስከ 1526 በዐፄ ልብነ ድንግል አገር ቆየ። መጽሐፉ በሊዝበን የታተመው በ1540 ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከባዕድ ተጓዦች ሁሉ የሚወደደው እርሱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የአጻጻፉ ትዕግሥት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ርዝመቱንና ወርዱን ይለካል፣ ዓምዱን ይቆጥራል። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ አንባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጠው እርሱ ነው። ከዘረዘረ በኋላ የሚያምነኝ የለም ብሎ መጻፍ እንደ ታከተው፣ ይሁንና የጻፈው ሁሉ እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ስም እንደሚምል ይናገራል። መሐላው ለመጀመሪያው አንባቢ ነው። ለሁለተኛው መሐላ አያስፈልገውም፤ ቤተ ጊዮርጊስ ዛሬም ቆሟል።

አልቫሬሽ ያያቸው ብዙ ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ግን አልቆሙም። ከሄደ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በተለይ ከ1531 ጀምሮ፣ የኢማም አሕመድ ጦርነት አገሩን አዳረሰው። ስለዚህ መጽሐፉ ሳያስበው የአንድ ዘመን የመጨረሻ መዝገብ ሆነ። በውስጡ የነገሥታት ዜና መዋዕሎቻችን ያልያዙት ብዙ ነገር አለ። አሞሌ ጨው ከሚወጣበት ስፍራ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እንዴት እንደሚንር፣ አንበጣ ሲወርድ ሕዝቡ ምን እንደሚያደርግ፣ ካህናት በብዛት ሲሾሙ ሥርዓቱ ምን እንደሚመስል ጽፏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የዜና መዋዕል ጸሐፊው የጨው ዋጋ መጻፍ የሚገባው ነገር አልመሰለውም፤ ሁሉም ያውቀው ነበርና። ቆይቶ የሚያይ እንግዳ ለባለአገሩ የሚያበረክተው ስጦታ ይህ ነው፤ ከመለመዱ የተነሣ የማይታየውን መዝግቦ ያስቀምጣል።

ሌላም ነገር አለ። አልቫሬሽ በኢትዮጵያ ያገኘውን ፔሮ ዳ ኮቪልያን በስሙ ጠቅሶ ታሪኩን መዝግቧል። ኮቪልያ በ1487 ከሊዝበን ተልኮ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ እንዲወጣ አልተፈቀደለትም፤ አግብቶ፣ ርስት ይዞ፣ ቋንቋውን ለምዶ ኖረ። የራሱ መጽሐፍ የለውም። ብዙ ያየው ሰው ዝም ብሎ ጥቂት ያየው ሲጽፍ፣ ጸሐፊው የዝምተኛውን ስም ማስቀመጥ አለበት።

ስም የመጥራትና ስም የመደበቅ ዕዳ

ስም የመጥራትን ዕዳ ከሁሉ አሳምሮ የከፈለው ኢትዮጵያን ያልረገጠ ሰው መሆኑ ያስገርማል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጋር በ1649 ሮም ተገናኘ፤ በ1652 ደግሞ ወደ ጀርመኗ ጎታ አስመጥቶት አብረው ሠሩ። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ አባ ጎርጎርዮስን ምንጩና መምህሩ አድርጎ በግልጽ ይጠራዋል። መነኩሴው በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ ባሕር ውስጥ ሰጥሞ ሞተ፤ ድምፁ ግን በመጽሐፉ ተረፈ።

በ1625 እና በ1634 መካከል በኢትዮጵያ የኖረው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምስጋና አገኘ። ሳሙኤል ጆንሰን ጽሑፉን በ1735 ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ በመቅድሙ ያደነቀው ቁጥብነቱን ነበር፤ ጭራቅ አልፈጠረም፣ ገነትም አልፈጠረም። ጆንሰን ራሱ በ1759 “ራሴላስ”ን ሲጽፍ የአማራን ተራራማ ሸለቆ የፍልስፍና ልብ ወለዱ መድረክ አደረገው። ያ ግን በግልጽ ልብ ወለድ ነበር፤ አንባቢን አላታለለም።

ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ፣ በ1770 ጎንደርን አይቶ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ግሽ ዓባይ ደረሰ። አምስት ቅጽ መጽሐፉ የወጣው ግን በ1790 ነው። በጉዞውና በመጽሐፉ መካከል ሃያ ዓመት ሲገባ የማስታወሻው አጥንት ላይ ትዝታ ሥጋ ያለብሳል። ብሩስ ረጃጅም ንግግሮችን በራስ ሚካኤል ስሑልና በቤተ መንግሥቱ ሰዎች አፍ ሲያኖር፣ የትኛው የተባለ የትኛው የተደረሰ እንደሆነ መለየት ይቸግራል። ሆኖም ጎንደር በዚያ ቀውጢ ዘመን ምን ትመስል እንደነበር ለማወቅ ዛሬም እርሱን እናነባለን፤ መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ የወሰዳቸው ብራናዎችም በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚደረገውን ጥናት ለውጠዋል። የለንደን ሰዎች ያላመኑትን ብዙ ነገር የኋላ ተጓዦች እውነት ሆኖ አግኝተውታል።

የብሩስ እውነተኛ ጉድለት ለንደን በጠረጠረው ቦታ አልነበረም። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ እስከ ዓባይ ምንጭ አብሮት ሄዶ ነበር፤ ብሩስ ግን ከዚያ ጉዞ በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጻፈ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓዬዝ በ1618 ምንጩን ማየቱንም ሊቀበል አልፈለገም። የመጀመሪያው፣ ብቸኛው ሰው መሆንን ሻተ። ግሽ ላይ ግን ካህናትና ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩ፣ ጠበሉንም ይጠጡ ነበር። “እኔ” የሚለው ቃል ለምስክርነት ሲውል ጽሑፉን ያጸናዋል፤ ለክብር ሲውል ግን አጠገቡ ያለውን ሰው ይሰርዛል።

ሪቻርድ በርተንም በ1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆይቶ በሚቀጥለው ዓመት መጽሐፉን ሲያወጣ ከተማዋን ለባዕድ የተከለከለች አስፈሪ ምድር አድርጎ አቀረባት። ለአውሮፓዊ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሱማሌው፣ ለአፋሩና ለየመኑ ነጋዴ ግን ሐረር የዘወትር ገበያ ነበረች። በርተንን የሚክሰው ሌላው ሥራው ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ስለ ሐረሪ ቋንቋ ሰዋስው ጽፎ አስቀምጧል፤ ጀብዱው ሲደበዝዝ ያ ክፍል ለሁለተኛው አንባቢ ቀርቷል።

አንድ በዓል፣ ሁለት ዓይን

በ1930 የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ በዓል ካዩት እንግዶች መካከል ሁለት እንግሊዛውያን ነበሩ። ኤቭሊን ዎ ጋዜጠኛ ሆኖ መጥቶ በ1931 ባሳተመው መጽሐፉ በዓሉን እንደ አስቂኝ ቲያትር አሳየው። ዊልፍሬድ ቴሲገር ግን በ1910 አዲስ አበባ የተወለደ፣ በ1916 በሰገሌ ድል ያደረገው ጦር ወደ ከተማ ሲገባ በልጅነቱ ያየ ሰው ነበር። እርሱ በዚያው በዓል ያየው የጥንቱን ግርማና ያ ግርማ እየለቀቀ መሄዱን ነው። ዎ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ ደገፈ፤ ቴሲገር ወረራውን አጥብቆ ተቃወመ፣ በኋላም በነጻነቱ ዘመቻ ተዋጋ።

ሁለቱም የተመረጠ ነገር ነው የጻፉት። የጉዞ ጸሐፊ ሁሉን ሊጽፍ አይችልም፤ ሲመርጥ ግን ልቡ ይታወቃል። የዎ ዐረፍተ ነገር የተሳለ ነው፤ ነገር ግን ለሰዎቹ ፍቅር ስላልነበረው ስለታሙ ብዕር ከላያቸው አልዘለቀም። ፍቅርም የራሱ ፈተና አለው። ቴሲገር የወደደው አሮጌውን ኢትዮጵያ ነበርና ትምህርት ቤትና መንገድ የሚሻውን ኢትዮጵያዊ ምኞት ሙሉ በሙሉ አልተካፈለም።

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1968 ባሳተመችው መጽሐፍ ሌላ መንገድ አሳይታናለች። ከምጽዋ ተነሥታ በበቅሎ ታግዛ ሰሜኑን አቋርጣ አዲስ አበባ ስትደርስ ማስታወሻዋን በየምሽቱ ትጽፍ ነበር። የዕለቱ ድካም፣ የጎጆው ጭስና ቁንጫ፣ የባለቤቲቱ ደግነት በዚያው ሌሊት ስለሚሰፍሩ ነገ የሚሆነውን የማታውቅ ሰው ድምፅ በገጾቹ ይሰማል። ብሩስን የሃያ ዓመቱ መዘግየት ያሳጣው ይህን ነው።

ብዕሩ ወደ እኛ ሲዞር

ኢትዮጵያውያን ከጥንትም ተጓዦች ነበሩ። በ1352 በአርመን ምድር ያረፉት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በግብጽ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ በኩል ማለፋቸውን ገድላቸው ይነግረናል። በገድል ግን መንገድ የጸጋ መገለጫ ነው፤ ጻድቁ ባሕሩን በልብሳቸው ላይ ሆነው ሲሻገሩ የሚታየው እምነታቸው እንጂ ማዕበሉ አይደለም። በ1519 እና በ1524 መካከል አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ ጣሊያን የመጡ የኢትዮጵያ መነኮሳትን እየጠየቀ የመንገዳቸውን ስም በስም፣ ቀን በቀን መዘገበ። መነኮሳቱ መንገዱን በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ የጻፈው ግን ሌላ ሆነ።

ብዕሩ በሰፊው የዞረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ፍሥሐ ጊዮርጊስ በ1890 ከኢትዮጵያ ወደ ጣሊያን ያደረገውን ጉዞ በትግርኛ ጽፎ በ1895 ሮም ውስጥ አሳተመ፤ በትግርኛ ሥነ ጽሑፍም ፈር ቀዳጅ ሆነ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ያሳተመው የመንገደኛ መምሪያ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተዘጋጁ ንግግሮች የያዘ ነው። ቋንቋ ማስተማሪያ ይመስላል፤ በውስጡ ግን በዘመኑ አገዛዝ ላይ ብርቱ ትችት አለ። ለእንግዳ መንገድ በማሳየት ሰበብ ደራሲው የገዛ አገሩን መረመረ።

የአማርኛው የጉዞ ጽሑፍ አባት ግን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ልዑል ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ መዝግበዋል። በ1931 መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ሄደው ሲመለሱ በ1924 ዓ.ም. “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን”ን አዲስ አበባ አሳተሙ። አጻጻፋቸው ከዜና መዋዕል የወጣ ነው፤ የመጡበትን ቀን፣ የተቀበላቸውን ሰው፣ የታየውን ሥራ በማዕረግና በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ራሳቸውን ጀግና አያደርጉም። ዓይናቸው አንድ ጥያቄ ይዟል፦ ይህ ሕዝብ ማንነቱን ሳይጥል እንዴት ሠለጠነ? ለአገራቸው አንባቢ የጻፉት መጽሐፍ በ1934 ወደ ጃፓንኛ ተመልሶ ቶኪዮ ታተመ፤ ሁለተኛው አንባቢ ሳይዘገይ ደረሰበት ማለት ነው። ጃፓናዊውም ራሱን በአክብሮት ተጽፎ አገኘው።

ዘዴው ግን ወሰን ነበረው። የመንግሥት እንግዳ በብዛት የሚያየው አስተናጋጁ ያዘጋጀለትን ነው። ተስፋ የተጣለባት ጃፓን በ1936 የጣሊያንን ወረራ በሚያጸድቅ መንገድ ከሮም ጋር ተስማማች። አክብሮት ከመሪዎች አዳራሽ ወጥቶ ወደ ገበያውና ወደ ሠራተኛው ሰፈር ካልዘለቀ ያየውን ግማሽ አድርጎ ይቀራል። የኅሩይን ጨዋነት ከአልቫሬሽ ትዕግሥት ጋር ያዋሐደ የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ ገና ብዙ ቦታ ይጠብቀዋል።

የዛሬው ግዴታ

በዘመናችን የኢትዮጵያውያን ታላላቅ ጉዞዎች የተደረጉት በበቅሎም በክብር መርከብም አይደለም። በ1980ዎቹ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ሱዳን ደርሰው፣ ብዙ ወገናቸውን በመንገድ ቀብረው፣ እስራኤል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስንት ወጣት የሰሃራን በረሃ፣ የሊቢያን እስር ቤትና የሜዲትራንያንን ባሕር፣ ወይም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ በጀልባ ተሻገረ። ይህ ሁሉ ታሪክ በስልክ ይተረካል፣ በሠርግና በለቅሶ ቤት ይወራል፤ በጥንቃቄ የተጻፈው ግን ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ስሜቱ ሲነገር መንገዱ ይጠፋል፤ ደላላው፣ ዋጋው፣ የቀኑ ብዛት፣ ውኃ ያካፈለው ሰው ስም ይረሳል።

የሁለት ሺህ ዓመቱ ልምድ የሚያስተምረው ደግሞ ጸንቶ የሚቀረው ይኸው መሆኑን ነው። ርቀትና ዋጋ በልኩ ይጻፍ። የታየው ከተሰማው ይለይ፤ ያልገባን ነገር እንኳ ሳይለወጥ ይገልበጥ፣ የሚገባው ሰው ይመጣል። ማስታወሻው በዚያው ምሽት ይያዝ። መንገድ የመራ፣ ያስተረጎመ፣ ያሳደረ ሰው፣ ለእርሱ አደጋ ካላመጣበት በቀር፣ በስሙ ይጠራ። ፎቶግራፍና ቪዲዮ መልክን ያስቀራሉ፤ ይህን ሁሉ ግን በጽሑፍ ካልያዝነው አይያዝም።

ከሁሉ በላይ ስለ ሱዳኑ አስተናጋጅ፣ ስለ ቤይሩቷ እመቤት፣ ስለ ቴል አቪቭ ጎረቤት ስንጽፍ እነርሱም አንድ ቀን እንደሚያነቡን አውቀን እንጻፍ። ይህ በደልን መሸፈን አይደለም፤ በደሉ በትክክል፣ በቀኑና በቦታው ሲጻፍ ይበልጥ ይከብዳል። በሌሎች ብዕር መልካችን ሲዛባ የሚሰማንን እናውቀዋለንና ሌላውን በዚያ መንገድ ላለመጻፍ ከማንም የበለጠ ምክንያት አለን።